ሽበታችንን ለቁጥር አንሽጥ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ከጡረታ በኋላ ካሜራ የያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ መካሪ አያጡም። እኔ የምናገረው በጓሯችሁ ያበቀላችሁትን ጤና አዳምና ዳማከሴ፣ ጌሾና ኮሰረት በስልካችሁ እየቀረፃችሁ በዩቲዩብ ለምታሳዩ ለእናንተ ነው። በገና መደርደር፣ ግእዝ ማስተማር፣ የድሮ ሬዲዮ መጠገን የሚያሳይ ቻናል የከፈታችሁም አድምጡኝ፤ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። እኔም ከመካከላችሁ አንዱ ነኝ፤ የካሜራውን ደስታም፣ የቁጥሩን ጭንቀትም አውቀዋለሁ።

ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው። ተመልካች እናበዛለን ስንል፣ ሰው በሽበታችን ላይ ያለውን እምነት እየሸጥን ነው። ያ እምነት የግል ንብረታችን አይደለም። ከእኛ በፊት ያረጁት የሚያውቁትን በእውነት ተናግረው፣ ባላወቁት ዝም ብለው ያቆዩልን አደራ ነው። ከእኛ በኋላ የሚያረጁትም ይፈልጉታል። እኛ ከጨረስነው እነርሱ ከየት ያመጡታል?

ማንም ሰው ልዋሽ ብሎ ቻናል አይከፍትም። አጀማመሩ ቅን ነው። አንዲት እናት ኮሰረት እንዴት እንደምታደርቅ፣ ቅቤ ስታነጥርም መቼ እንደምትጨምረው ታሳያለች። የልጅ ልጇ ስልኩን ይይዝላታል። ሠላሳ ሰው ያያል፤ ከሠላሳው አንዷ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ «እማማ፣ የእናቴን ማጀት አስታወሱኝ» ብላ ትጽፋለች። በዚያ ሳምንት ቤቱ ደስታ ነው። ለዓመታት ማንም ያልጠየቀው እውቀት ፈላጊ ተገኘለት። መሥሪያ ቤቱን በለቀቀ ማግስት ስልኩ ዝም ያለበት ሰው ሁሉ የዚህን ደስታ ዋጋ ያውቃል። ስለዚህ በጅማሬው ማንንም አልወቅስም።

ከዚያ ቁጥሩ ይቆማል። ተከታዩ ሁለት መቶ ላይ ደርሶ ለወራት አልነቃነቅ ይላል። በእድር ስብሰባ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ያንተ ስንት ደረሰ?» መባባል ይመጣል። ሁለት መቶ ሰው የእድር ድንኳን ሞልቶ እንደሚተርፍ እንዘነጋለን። በሥራ ዘመናችን ሁሉ ሁለት መቶ ሰው ተሰብስቦ ያዳመጠን ስንት ቀን ነው? ስልኩ ላይ ሲሆን ግን ያው ቁጥር ውርደት ይመስለናል።

በዚያ ላይ የገንዘቡ በር አለ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንድ ቻናል በመደበኛ ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። ሒሳቡን እንሥራው። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ አውጥተን ሰው በአማካይ እስከ ግማሹ ቢያይልን፣ በዓመቱ ውስጥ ሥራዎቻችን በድምሩ 48,000 ጊዜ መታየት አለባቸው። ስለ ኮሰረት አደራረቅ በአማርኛ ለሚናገር ቻናል ይህ ቀላል አይደለም። በሩን ካለፍን በኋላም ከመደበኛ ቪዲዮ ማስታወቂያ ለእኛ የሚደርሰን 55 ከመቶ ነው፤ እርሱም ተጠራቅሞ 100 ዶላር እስኪሞላ አይላክም። ይህን የምዘረዝረው ተስፋ እንድትቆርጡ ብዬ አይደለም። ብዙዎቻችን ይህን ሒሳብ ሳንሠራ ስማችንን መያዣ ስለምናደርግ ነው።

ቁጥሩ ሲቆም ምክር ይበዛል። ቪዲዮ የሚያቀናብርልን ወጣት፣ የጎረቤት ልጅ፣ ከእኛ ቀድሞ የተሳካለት ባለቻናል፣ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፤ «ርዕሱ ይጠንክር!» በመጀመሪያ ርዕሱ «የግራዋ አተካከል» ነበር። ቀጥሎ «ግራዋ ለጤና ያለው ጥቅም» ሆነ። ከዚያ «ለስኳር ሕመም ፍቱን የሆነው ቅጠል» ተባለ። በመጨረሻ «ስኳርን በሰባት ቀን ከሥሩ የሚነቅል! ሐኪሞች የደበቁት ምስጢር!» ተብሎ፣ በቪዲዮው ሽፋን ላይ የሚያለቅስ ሰው ፎቶ ተለጥፎ ወጣ። ቅጠሉ ያው ግራዋ ነው። ጓሮውም ያው ጓሮ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ስለ ነበር ባለቤቱ የት እንደ ደረሰ አላስተዋለም። አራተኛው ቪዲዮ ግን ከቀደሙት ሁሉ በላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አተካከሉ መመለስ እንደ ሞት ይከብዳል።

ያንን ቪዲዮ ማን እንደሚያየው እናስብ።

በሪያድ ወይም በቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ብቻዋን መሄድ አትችልም። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ስልኳን ትከፍታለች። ጎኗን ያማታል። ነጠላ የለበሰች፣ እናቷን የምትመስል ሴት «ይህን አፍልታችሁ በባዶ ሆድ ጠጡ» ስትል ትሰማለች። ታምናለች። ለምን አታምን? ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ትልቅ ሰው የነገረሽን ስሚ» እያልን ያሳደግናት እኛ ነን።

በአንዲት የወረዳ ከተማም አንድ አባት አለ። ልጁ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም አለበት። ኢንሱሊን መግዛቱ ከብዶታል፤ የልጁ ገላ በየቀኑ መወጋቱም አንጀቱን በልቶታል። መርፌውን የሚያስቀር ቅጠል አለ የሚል ሽማግሌ ሲያይ ልቡ ወዴት እንደሚያደላ ማንም ወላጅ ያውቃል። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ እስኪገኝ ድረስ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ዕጣው ሞት ነበር። ዛሬም ልጁ ኢንሱሊኑን ካቋረጠ በደሙ ውስጥ አሲድ እየተጠራቀመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለእርሱ ኢንሱሊንን የሚተካ ቅጠል በምድር ላይ የለም። እንግዲህ ያ አባት የእኛን ርዕስ አምኖ መርፌውን ቢተው፣ የልጁን ደም ከማን እጅ ይፈልጋል?

«እኛ የምናሳየው ከአባቶቻችን የወረስነውን ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። የወረስነውን በሙሉ እናስታውስ እንጂ። ኮሶ ትል የሚያስወጣው ጉልበት ስላለው ነው፤ ያው ጉልበት መጠኑ ሲያልፍ ሰውን ይጥላል፣ እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ትልቅ አደጋ ያመጣል። ጤና አዳም በቡና ላይ ቅንጣቢው ይጣፍጣል፤ ጭማቂው ገላ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ በብዛት ከተጠጣም ፅንስ ያስወርዳል። እንዶድ ልብስ ያነጻል፤ የጠጡት ሴቶች ግን ሞተውበታል። ይህን ሁሉ እናቶቻችን ያውቁ ነበር። ኮሶ የሚያጠጡት ለሚያውቁት ሰው ነበር። ዕድሜውን፣ አቅሙን፣ የበላውን አይተው ይመጥኑለታል፤ ጠጥቶ እስኪሻለው ከአጠገቡ አይርቁም። የወረስነው እውቀት መመጠኑና መጠበቁ ጭምር ነው። ቪዲዮ ማን እንደሚጠጣ አያይም፤ ስንት እንደቀዳ አያውቅም፤ ሰውየው ሲያስመልሰውም ደርሶ አይደግፈውም። ቅጠሉን ብቻ አስተላልፈን ጥንቃቄውን ካስቀረን፣ የአባቶችን እውቀት ለሁለት ሰንጥቀን አደገኛውን ክፍል ሸጥን ማለት ነው።

የአገራችንን እፅዋት ለዓለም ያስተዋወቁ ሰው ምን ያህል እንደታገሡ እናስብ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ትል ወደ ሰው የሚያሸጋግሩ ነበሩ። በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው፤ ትልቅ ተስፋም ነበረው። ቢሆንም «መድኃኒቱ ተገኘ» ብለው አደባባይ አልወጡም። ለዓመታት በቤተ ሙከራ መረመሩት፤ በወንዙ ላይ ሞከሩት፤ በሰውና በእንስሳ ላይ ጉዳት ያደርስ እንደሆነ ለተነሣው ጥያቄ በምርምር መልስ ፈለጉ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት። ሳይንቲስቱ ያዩትን ለመናገር ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ያላየነውን በስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ለማወጅ ምን ፈቃድ አለን?

ዩቲዩብም ቢሆን ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ደንቡን አጥብቆ፣ ለካንሰር ጎጂ ወይም ያልተረጋገጠ ሕክምና የሚያስተዋውቁ፣ ሰውን ከሐኪም የሚያርቁ ቪዲዮዎችን እንደሚያነሣ አስታውቋል። ሆኖም በአማርኛ የተነገረው ሁሉ ቶሎ አይደረስበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዳኛ የራሳችን ኅሊና መሆን አለበት።

የተመልካች ረኃብ የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ መራራ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ ትንሽ ቻናል የነበራቸው ሁለት ወጣቶች ተከታይ ለማብዛት አንድ ነገር አሰቡ። ወንዱ ወፍራም መጽሐፍ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ነፍሰ ጡር የነበረችው ጓደኛው በሽጉጥ እንድትተኩስበት፣ መጽሐፉም ጥይቱን ሲያስቆም እንዲቀረጽ ተስማሙ። ተኮሰች። ጥይቱ አለፈ። ወጣቱ እዚያው ሞተ፤ እርሷም ተከስሳ ታሰረች። የፈለጉት ቁጥር መጣ፤ ዓለም ሁሉ ስማቸውን ሰማ። እኛ ሽጉጥ አንይዝም፤ ዕድሜያችንም ይከለክለናል። ከአፋችን የሚወጣው ምክር ግን እንደዚያው ጥይት ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚለየው የወደቀውን ሰው ባለማየታችን ነው።

የቀሩትን ወጥመዶች ባጭሩ ልጥቀስ፤ ሁሉም ከዚሁ ረኃብ ይወለዳሉና።

አንዱ የተገዛ ተከታይ ነው። «በዚህን ያህል ብር አንድ ሺህ ሰብስክራይበር እናስገባለን» የሚሉ አሉ። «እኔን ሰብስክራይብ አድርጊ፣ እኔም አንቺን» እየተባባሉ የሚለዋወጡም አሉ። ሁለቱንም ዩቲዩብ በደንቡ ይከለክላል፤ ቁጥሩን ይሰርዛል፣ ቻናሉንም ሊዘጋ ይችላል። ሳይያዝ ቢቀር እንኳ ጥቅም የለውም። ያ አንድ ሺህ ሰው ስለ ጌሾ ማወቅ የማይፈልግ ነውና አዲስ ቪዲዮ ሲቀርብለት አይከፍትም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ከእይታ ብዛት ይልቅ ሰው ቪዲዮው ላይ የቆየበትን ጊዜ ሲመዝን ኖሯል። በሐሰት ርዕስ የገባ ሰው በሃያ ሴኮንድ ውስጥ ተታልሎ መሆኑን ሲያውቅ ይወጣል፤ መውጣቱም በእኛው ላይ ይቆጠራል።

ሌላው ወሬ ነው። አትክልቱ አልታይ ሲል «ሰበር ዜና» የሚል ቀይ ጽሑፍ ለጥፎ ያልተጣራ ነገር ማውራት ይጀመራል። ሽማግሌ ያወራው ወሬ ደግሞ ምስክርነት ይመስላል። አገራችን በወሬ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰባት እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ሦስት መንግሥት አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ መረጃን ወንጀል አድርጎታል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ሕጉ ራሱ ተከታይ ሲበዛ ተጠያቂነት እንደሚከብድ ተናግሯል።

ሦስተኛው የሰው እንባ ነው። ለተቸገረ ሰው ዘይትና ዱቄት ይዞ ሄዶ፣ ሲቀበል፣ ሲንበረከክ፣ ሲያለቅስ ቀርፆ ማሳየት ልማድ ሆኗል። በእኛ ወግ ምጽዋት በስውር ይሰጥ ነበር። የተቸገረው ሰው «አትቅረፁኝ» ለማለት አቅም የለውም፤ ዱቄቱ በእጃችን ነውና። እንዲህ ያለ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ልጆቹ ነገ አድገው፣ አባታቸው ሲንበረከክ የሚታይበትን ቪዲዮ በትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ስልክ ላይ ያገኙታል።

ወደ ቤታችን ስንገባ ደግሞ የልጅ ልጆቻችን አሉ። ሕፃን የታየበት ቪዲዮ ተመልካች ይስባል፤ ይህ እውነት ነው። የሚስበው ግን ማንን ጭምር እንደሆነ አናውቅም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕፃናት በሚታዩባቸው አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ላይ የአስተያየት መስጫውን የዘጋው፣ ክፉ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች በዚያ እየተሰበሰቡ መሆኑ ስለ ተጋለጠ ነው። በአሜሪካ በዩታ ግዛት ስድስት ልጆቿን እያሳየች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተከታይ አፍርታ የነበረች ሩቢ ፍራንኪ የተባለች እናት፣ ልጆቿን በማሠቃየቷ እ.ኤ.አ. በ2024 ጽኑ እስራት ተፈርዶባታል። በስክሪኑ ላይ የደስተኛ ቤተሰብ ምሳሌ ነበሩ። ልጅ ሲታጠብ፣ ሲታመም፣ ሲገረፍ፣ ሲያለቅስ አይቀረጽ። የትምህርት ቤቱ ስምና የደንብ ልብሱ አይታይ። የልጁን ፊት ለዓለም የመስጠት መብት አያት በመሆን አይገኝም።

የመጨረሻው ሌባ ነው። ቻናላችን ትንሽ ከፍ ሲል በኢሜይል «ምርታችንን ያስተዋውቁልን፣ ይህን ያህል ዶላር እንከፍላለን» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ አብሮት የሚከፈት ፋይል ወይም የሚጫን ፕሮግራም አለ። ስንከፍተው ኮምፒውተራችን ውስጥ ያለው የመግቢያ መረጃ ይወሰድና ቻናሉ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ሰፊ ዘመቻ እንደሆነ ይፋ አድርጓል፤ የተሰረቁ ቻናሎች ከ3 ዶላር እስከ 4,000 ዶላር ይሸጡ ነበር። የማታውቁትን ፋይል አትክፈቱ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ቻናላችሁ የተከፈተው በእናንተ ኢሜይል ይሁን፤ የሚያግዛችሁን ወጣት የይለፍ ቃል ሳትሰጡ በአስተዳዳሪነት መመዝገብ ይቻላል። የአጎት ልጅ በራሱ ኢሜይል በከፈተው ቻናል ምክንያት ዘመድ ሲጣላ እያየን ነው።

«ታዲያ እንዴት እንደግ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እውቀታችን ለብዙ ሰው ይድረስ ማለት ነውር የለበትም። ቀስ ብሎ፣ ነገር ግን ጸንቶ የሚያድግ መንገድ አለ።

ርዕሱ ሰው የሚፈልገውን ነገር በስሙ ይጥራ። «የጌሾ ዘር እንዴት ይበቅላል»፣ «ጤና አዳም በዕቃ ላይ መትከል»፣ «ዳማከሴ ለምን ይጠወልጋል» የሚሉ ርዕሶች ዛሬ ጥቂት ሰው ያመጣሉ፤ ግን በሦስተኛው ዓመትም ያው ጥያቄ ያለው ሰው ፈልጎ ያገኛቸዋል። «ጉድ ተሰማ» የሚለውን በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አይፈልገውም። የተክሉን ስም በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ጻፉ። ግራዋን ኤቢቻ ብሎ የሚያውቀው፣ ኮሶን ሄጦ የሚለው፣ እንዶድን ሽብጢ የሚለው ወገናችን ብዙ ነው፤ እርሱም ጓሮ አለው፣ እርሱም ይፈልገናል።

ሰላምታውን አሳጥሩ። ለሦስት ደቂቃ ስለ ሰብስክራይብና ስለ ደወሉ ከለመንን በኋላ ተክሉን ብናሳይ፣ ተክሉን ፈልጎ የመጣው ሰው ሄዷል። የሚያየውን ነገር በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ አሳዩት። በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው በየትኛው ደቂቃ ጥሎን እንደወጣ የሚያሳይ መስመር አለ፤ ከተከታይ ቁጥር ይልቅ እርሱን አጥኑ፣ ያስተምራል። ለድምፁ ተጨነቁ፤ ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን ማንም አይታገሥም። ልብስ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ ከውድ ካሜራ ይበልጣል። የሰው ዘፈን ወይም መዝሙር ከጀርባ አታስገቡ። በአገራችን ሕግ የደራሲ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ በዩቲዩብም በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የቅጂ መብት ጥሰት የተመዘገበበት ቻናል ይዘጋል። የጓሮው ወፍና የቅጠሉ ኮሽታ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ እኛ ብቻ ያለንን ነገር ስጡ። ያ ነገር ጊዜ ነው። ወጣቱ ባለቻናል ዘር ሲዘራ ያሳይና በሌላው ሳምንት ወደ ሌላ ርዕስ ይሄዳል። እኛ ግን በሰኔ የዘራነውን በሐምሌ ጭቃ ውስጥ፣ በመስከረም አበባው ላይ፣ በኅዳር ውርጭ ሲመታው፣ በሚያዝያ ሲጠማ ማሳየት እንችላለን። የሞተብንን ተክል ጭምር እናሳይ፤ ለምን እንደሞተ እንንገር። እንዲህ የሚያሳይ ሰው «ይህን አላውቅም» ሲል ይታመናል፤ «አውቃለሁ» ሲልም ይታመናል። አስተያየት ለሚጽፍ መልስ ስጡ። መድኃኒት ለሚጠይቅ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ እኔ አትክልተኛ ነኝ፤ ለሕመምሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ»። ይህችን መልስ መቶ ጊዜም ቢሆን ለመጻፍ አንሰልች።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት፣ ሳታሳድሩ፣ ቻናላችሁን ከፍታችሁ ያወጣችሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። እያንዳንዱን ርዕስ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ በታቦት ፊት ወይም በመስጊድ ደጃፍ ጮክ ብላችሁ ለመናገር ትደፍሩ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የማትደፍሩትን አውርዱ። የሚያድን ቅጠል አለ ያላችሁበት ቪዲዮ ካለ ግን ማውረድ አይበቃም። ያየው ሰው አይቶታል፤ ምናልባትም እያፈላ ነው። ያንኑ ነጠላ ለብሳችሁ፣ እዚያው ጓሮ ቆማችሁ፣ በአዲስ ቪዲዮ «ያልሁት ልክ አልነበረም፤ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ» በሉ። ተከታይ ይቀንሳል። ይቀንስ። የቀረው የእውነት ሰሚ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ ነበር አባቶቻችን። አሁን ድምፃችንም መልካችንም ከመቃብር በላይ ይውላል። እኛ ካለፍን በኋላ ያ ቪዲዮ የማናውቀው ሰው ቤት ይገባል፤ በእኛ ፊት፣ በእኛ ሽበት፣ በእኛ ድምፅ «ጠጡ» ይላል። ያን ጊዜ ተነሥተን ማረም አንችልም። ማረም የምንችለው አሁን ነው፤ አንደበታችን ሳይዘጋ፣ የቻናሉ ቁልፍም በእጃችን ሳለ።